አሮጌ ኮምፕሬሰር መኪና በትንሽ ወጪ ጉልበት እንዲያገኝ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ጅማ ነው። እ.ኤ.አ. የ2003 ሥሪት መርሴዲስ ሲ 180 ኮምፕሬሰር አለኝ፤ ከገዛሁት ስድስት ዓመት አልፎታል። እሱን ይዤ ጋራዥም ልቁም ላቫጆም፣ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። "ኮምፕሬሰር ነው ተብዬ ገዛሁት፣ ዳገት ላይ ግን ይሞትብኛል፣ ምን ላድርገው?" ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ማስረዳት ደስ ይለኛል፣ ግን ሁሌም የሆነ ነገር እረሳለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚህ ጻፍኳቸው።

ኮምፕሬሰር የሚባለው ምኑ ነው? ቱርቦ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም አየር አፍነው ወደ ሞተሩ ያስገባሉ። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል፣ ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል። ልዩነታቸው የሚያዞራቸው ነገር ላይ ነው። ቱርቦን የሚያዞረው የሞተሩ ጭስ ነው። ኮምፕሬሰሩ፣ በሌላ ስሙ ሱፐርቻርጀር፣ ግን በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር ስለታሰረ ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። ነዳጅ ስትረግጡ ወዲያው የሚመልስላችሁ ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ለመዞር የሚፈልገውን ጉልበት የሚወስደው ከዚያው ከሞተሩ ነው።

መርሴዲስ ሱፐርቻርጀሩን ኮምፕሬሰር ብሎ ስለጠራው እኛም እንደዚያው እንለዋለን። ዕቃ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ስልክ ደውላችሁ "ኮምፕሬሰር አለህ?" ካላችሁ የኤሲ ኮምፕሬሰር ሊልኩላችሁ ይችላሉ። ፎቶ ላኩ፣ የዕቃውን ቁጥርም ጻፉላቸው።

143 ፈረስ ጉልበት አለው ይላሉ። ጅማ ላይ ለምን አይታይም?

ያ ቁጥር የባሕር ወለል አየር ታሳቢ ተደርጎ የተሰጠ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ከፍ ብላለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ገደማ ነው። ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ፣ አዲስ ሆኖ እንኳ፣ ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚሆን አየር ይጎድለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ሱፐርቻርጀር አለው፣ ከፍታ አይነካውም" ይላል። ቱርቦ ቢሆን በከፊል እውነት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ፈጥኖ እየዞረ የጎደለውን ሊያካክስ ይችላል። ሱፐርቻርጀር ግን ፍጥነቱ በፑሊው፣ ቺንጊያው በሚዞርበት ክብ ብረት፣ የተወሰነ ነው። የሚያገኘው አየር ስስ ከሆነ ያንኑ ስስ አየር ነው የሚያፍነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ "ጌጄ 0.6 ባር ያሳያል" የሚል ሰው ስታነቡ የእናንተ 0.5 ቢያሳይ አትደንግጡ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ያው መሣሪያ ጅማ ላይ የሚያሳየው ወደዚያ ነው። አንድ ወዳጄ በዚህ ልዩነት ብቻ ጤነኛውን ሱፐርቻርጀር አውጥቶ ያገለገለ ሌላ ሊገዛ ነበር፣ ቀብድ ሊከፍል ሲል ነው የደረስኩበት።

ያለኝ ብር ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?

አየር የሚያፈስ ቦታ በመፈለግ። የኔ እምነት ይህ ነው፤ ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና አዲስ ጉልበት ከመግዛቱ በፊት የጠፋበትን ጉልበት ማግኘት አለበት። እሱ ደግሞ ርካሽ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። በገዛሁት በሁለተኛው ዓመት ክረምት መኪናዬ ቆሞ ሲሠራ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጭራሽ እምቢ አለ። ጋራዥ ወሰድኩት። ኮምፒውተር ሰክተው የአየር መለኪያው ሴንሰር ነው አሉኝ፣ ተቀየረ፣ ምንም የለም። ቀጥሎ የነዳጅ ፖምፓ ነው አሉ። እሱም ተቀየረ፣ ያው ነው። የሁለት ወር ደሞዜ ሄደ። በመጨረሻ ከቤቴ አጠገብ ካለው ጎሚስታ ጋር ሆነን ራሳችን ፈተሽነው። ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ክዳን ገዛሁ። እሱ መሃሉን በስቶ የቱብለስ ጎማ ቫልቭ አስገባበት። ሞተሩ ቀዝቅዞ ጠፍቶ ሳለ፣ ከአየር መለኪያው ቀጥሎ ያለውን ትልቁን ቱቦ ፈትተን ክዳኑን ወተፍንበት፣ በፋሸታ አጠበቅነው፣ ቀስ ብለን ነፋን። ከዚያ ኦሞ በውሃ በጥብጠን በየመጋጠሚያው ረጨን። ወዲያው ከሱፐርቻርጀሩ በታች፣ እጅ በማይገባበት ቦታ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ካላት የጎማ ቱቦ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። አውጥቼ ሳጥፋት እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጠቀች። የሞተሩ ትንፋሽ መመለሻ ቱቦ ነበረች። ይህ ሞተር ላይ፣ ኤም 271 የሚባለው ማለት ነው፣ እነዚህ የትንፋሽ ቱቦዎች በሙቀትና በዘይት እየደረቁ መሰንጠቃቸው በጣም የታወቀ ችግር ነው። ቱቦዋን ቀየርኩ፣ መኪናው ተመለሰ።

እናንተም ስትሞክሩ ከ0.5 ባር በላይ አትንፉ። ግፊቱ በቫልቭ በኩል ወደ ታች ስለሚገባ ከበዛ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ጎማ) ይፈነቅላል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግፊት ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሆነ በግፊት መቀነሻ፣ ቀስ እያላችሁ ነው የምትለቁት፣ ዓይናችሁም ከጌጁ አይነሳ።

ባለ ብሉቱዝ ኦቢዲ ማንበቢያ (መኪናው ላይ ተሰክቶ የኮምፒውተሩን መረጃ ወደ ስልክ የሚልክ) ካላችሁ ደግሞ የነዳጅ ትሪሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጅ ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ፣ እዩ። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ከ15 በመቶ በላይ ወደ ፕላስ ከሄደ፣ ዙር ሲጨምር ደግሞ ከቀነሰ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው። ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ወደ ማይነስ ከሄደ ደግሞ የተለካው አየር በግፊት ጊዜ እየወጣ ሊሆን ይችላል። የኢንተርኩለሩን (የታፈነውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር መሰል ዕቃ) ቱቦዎች ተመልከቱ፣ ፋሸታቸውንም አጥብቁ። የኢንተርኩለሩን ፊት ደግሞ በቀስታ በውሃ እጠቡት። በበጋው አቧራና በክረምቱ ጭቃ የተደፈነ ኢንተርኩለር ሲታጠብ የሚወርደውን ውሃ ብታዩት ለብዙ ጊዜ ምን ያህል ታፍኖ እንደኖረ ይገባችኋል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ባይፓሱ። ግፊት በማያስፈልግበት ጊዜ አየሩን መልሶ የሚያዞር ክዳን አለ። ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ ሱፐርቻርጀሩ በከንቱ ይዞራል። በእጅ ሲነካ ሳይያዝ መንቀሳቀስ አለበት።

የአየር መለኪያውን ሴንሰር በቤንዚን ማጠብ ይቻላል?

አይቻልም። ብሩሽም ጨርቅም አታስነኩት። ለእሱ ብቻ የተሠራ ስፕሬይ አለ፤ በእሱ ብቻ ረጭታችሁ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ካንዴላ፣ ፊልትሮና ዘይት መቀየር ጉልበት ይጨምራል?

የነበረውን ይመልሳል። ካንዴላ ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የታፈነ አየር ውስጥ ብልጭታ መዝለል ከባድ ነው፤ ያረጀ ካንዴላ ሜዳ ላይ ደህና ይሠራና ዳገት ላይ ሲጫን ይስታል። ትክክለኛውን ቁጥር ግዙ፤ "ይሄም ይገባል" የሚባለውን አትቀበሉ። ቦቢናዎቹንም (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) አብራችሁ አስፈትሹ። ዘይት ሙሉ ሲንተቲክ፣ የመርሴዲስ 229.5 ፈቃድ ጣሳው ላይ የተጻፈበት ይሁን። ክፍት የሆነውን ባለ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ ግን እኔ አልመክርም። የሞተር ክፍሉን ትኩስ አየር ነው የሚስበው፣ ትኩስ አየር ደግሞ ስስ ነው። በየገጠሩ መንገድ የምንበላው አቧራም አለ። ኦሪጅናሉ የፊልትሮ ሳጥን ቀዝቃዛ አየር ከፊት እንዲስብ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ክዳኑ በደንብ መግጠሙን ብቻ አረጋግጡ።

ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ "ከርርር" ይላል። ቢሆንም ጉልበት ልጨምርለት?

አይሆንም፣ መጀመሪያ ካቴናውን (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን ጊዜ የሚያስማማውን ሰንሰለት) አስፈትሹ። ኤም 271 ላይ የጊዜ ካቴናው ይለጠጣል፣ የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ማስተካከያዎቹም ጥርሳቸው ይበላል። ካቴናው ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ፣ ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩት ስለ ቴስታታ፣ ስለ ሞተሩ ራስ፣ ነው። ለፑሊ ወይም ለሪማፕ (የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ለማስቀየር) ያስቀመጣችሁት ብር ካለ ወደዚህ ይሂድ። በተጨማሪ ከካምሻፍቱ ማግኔት የሚወጣ ዘይት በኤሌክትሪክ ገመዱ ውስጥ እየተሳበ እስከ ኮምፒውተሩ ሊደርስ ይችላል። ሶኬቷን ንቀሉና ውስጧን እዩ። ዘይት ካለባት ዛሬውኑ አሠሩት።

የሱፐርቻርጀሩ ድምፅ ጨምሯል። ሊሞት ነው?

ሲጫን ቀጭን ፉጨት ማሰማት ተፈጥሮው ነው፣ እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ። ቆሞ ሲሠራ እንደ ጠጠር መንኮሻኮሽ ካለው ግን ሌላ ነው። ቺንጊያውን አውልቃችሁ ፑሊውን በእጅ አዙሩት። ሸካራ ከሆነ ወይም ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል፣ ኩሽኔታው ደግሞ ለብቻው ይቀየራል፣ ሙሉ ሱፐርቻርጀር መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። እነዚህ የኢተን ሥሪት የሆኑ ሱፐርቻርጀሮች ከሞተሩ ዘይት የተለየ የራሳቸው ዘይት አላቸው። መጠኑ ጥቂት ነው፣ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። አንዴ መቀየሩ አይጎዳም፤ የሚገባው ግን ለሱፐርቻርጀር የተሠራው ዘይት ብቻ ነው። የቺንጊያውን ማጥበቂያም አብራችሁ እዩ። ቺንጊያ ሲንሸራተት ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ግን ሱፐርቻርጀሩን ይጠረጥራል።

ትንሽ ፑሊ ባስገጥምስ?

የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሱፐርቻርጀሩ ላይ ያለው ፑሊ ካነሰ በአንድ የሞተር ዙር ብዙ ይዞራል። ፑሊው በ10 በመቶ ቢያንስ ሱፐርቻርጀሩ 11 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ጅማ ላይ ያጣነውን አየር ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ግን ወደ 24 በመቶ መፍጠን አለበት። ያ ብዙ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሱፐርቻርጀር በፈጠነ ቁጥር አየሩን ያሞቀዋል፣ የሞቀ አየር ደግሞ ሞተሩን ወደ መንኳኳት፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ጊዜው በራሱ ወደ መቀጣጠል፣ ይገፋዋል።

አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን፣ ሳጃን አልፋችሁ በአበልቲ በኩል ወደ ግቤ ትወርዳላችሁ። ድልድዩ ጋ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ነው፣ የአየሩ ግፊት ከጅማው ወደ 9 በመቶ ይበልጣል፣ ሙቀቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ተመልሳችሁ ስትመጡ ከዚያ ጉድጓድ ተነስታችሁ ነው ዳገቱን የምትጀምሩት፤ መኪናው ሙሉ ሰው፣ ሻንጣ፣ ኤሲ በርቶ፣ ፊታችሁ አንድ አይሱዙ እያዘገመ። ለማለፍ እስከ ወለሉ ረገጣችሁ። ጅማ ከተማ ውስጥ ጸጥ ብሎ የሠራው ፑሊ የሚፈተነው እዚህ ነው። ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው እግራችሁን አንሱ። የመንኳኳት ሴንሰሩ ብልጭታውን ወደ ኋላ እየጎተተ ሞተሩን ለመከላከል ይሞክራል፣ ግን ያኔ የተጨመረው ጉልበት ሁሉ ተመልሶ ይጠፋል። ከቀጠለ ደግሞ ፒስተን ይበሳል።

ስለዚህ የኔ መልስ እንዲህ ነው። ፍሳሹ ከተደፈነ፣ ካቴናው ጤነኛ ከሆነ፣ ኢንተርኩለሩ ንጹሕ ከሆነና ነዳጁንና ብልጭታውን አብሮ የሚያስተካክል ሰው ካገኛችሁ፣ ለስላሳ የሆነ የፑሊ ለውጥ ይሠራል። ፑሊ ብቻውን፣ ያለ ምንም ማስተካከያ፣ አይሆንም።

ሪማፕስ? ሲ 180 ወደ ሲ 200 ይቀየራል የሚሉት እውነት ነው?

መሠረት አለው። የሲ 180፣ የሲ 200 እና የሲ 230 ኮምፕሬሰር ባለ 1.8 ሊትር ኤም 271 ሞተር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ፋብሪካው 143፣ 163 እና 192 ፈረስ ጉልበት ብሎ ነው ያወጣቸው። ይህ ማለት ሲ 180 ውስጥ ያልተነካ ቦታ አለ ማለት ነው። በብሩ የሚያስቆጭ ያልሆነ ሥራ ነው፣ ግን በትክክል ከተሠራ። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የድሮውን ፋይል ያስቀምጥላችኋል? ከሠራ በኋላ መንገድ ላይ እየነዳ መረጃ ያነባል? ለምንቀዳው ቤንዚን ነው የሚያስተካክለው ወይስ አውሮፓ ውስጥ ለሚሸጠው ከፍተኛ ኦክቴን፣ ማለትም መንኳኳትን የበለጠ ለሚቋቋም ቤንዚን? ሦስተኛውን በደንብ የማይመልስ ከሆነ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ኦቢዲ ሶኬት ላይ ተሰክታ "35 በመቶ ጉልበት ትጨምራለች" የምትባለዋን ትንሽ ሳጥን ግን አትግዙ። አንዷን ፈትቼ አይቻታለሁ። መብራት እንዲበራ የሚያደርግ ነገር እንጂ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ምንም የላትም።

ማርሚታውን ባስቆርጠውስ?

ድምፅ ታገኛላችሁ። ጉልበት ከፈለጋችሁ የተደፈነ ካታሊስት (ጭስ መውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ) እንዳለ አስመርምሩ፤ እሱ እውነትም ያንቃል፣ ከፍ ባለ ዙር መኪናው ግድግዳ የገጨ ይመስላል።

እህቴ ቪትዝ አላት። ኢንተርኔት ላይ በ12 ቮልት የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሱፐርቻርጀር አይታ ልግዛ አለች።

እህትህ ብሯን ትያዝ። ሒሳቡን ላሳያት። 1.8 ሊትር ሞተር በ6,000 ዙር ሲሠራ በሰከንድ ወደ 90 ሊትር አየር ይውጣል። ያን ያህል አየር በግማሽ ባር ለመግፋት በትንሹ ከ4 ኪሎዋት በላይ ያስፈልጋል፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ300 አምፔር በላይ ማለት ነው። የቪትዝ ሞተር ያነሰ ነው፣ ቢሆንም ያቺ ቀጭን ገመድ ያላት የፕላስቲክ ማራገቢያ ለዚያም አትጠጋም። እንዲያውም የአየር መንገዱን ትዘጋባታለች። ለቪትዙ የሚበጀው ጥሩ ካንዴላ፣ ንጹሕ ትሮትል (የአየር መግቢያው ክዳን) እና በልኩ የተነፋ ጎማ ነው።

ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ብቀዳስ?

ቱርቦም ሱፐርቻርጀርም ለሌለው መኪና እንኳ ጥሩ አይደለም፣ ለዚህ ግን አደጋ ነው። ውስጡ ላምባ ወይም ውሃ ሊኖር ይችላል። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን በቀላሉ ያንኳኳል። ግዴታ ሆኖባችሁ ከቀዳችሁ እስኪያልቅ ድረስ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ እንጂ ረግጣችሁ አትውጡ።

ጉልበት መጨመሩን በምን አውቃለሁ? ጅማ ላይ መለኪያ ማሽን የለም።

በሰዓት። ጠዋት በማለዳ፣ ሰውና ከብት መንገድ ሳይሞላው፣ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ በ3ኛ ማርሽ ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጅበትን ሰከንድ ለኩ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ ያዙት። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ይመዝግብ፣ የሚነዳው ስልክ አይንካ። ሦስት ጊዜ ሂዱ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሱ፣ አማካዩን ጻፉ። ሥራ ባሠራችሁ ቁጥር ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የነዳጅ መጠን ድገሙት። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ላይ የሚሞክሩ ልጆች አሉ፣ እባካችሁ እዚያ አታድርጉት። ቱሪስትም ተማሪም በእግሩ የሚሄድበት መንገድ ነው።

የኔ ቱቦዋ ከመቀየሯ በፊትና በኋላ የነበረው ልዩነት ከሁለት ሰከንድ በላይ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሁንም አለ።

ሁሉንም አደረግኩ፣ አሁንም ይከብደዋል። ምን ቀረኝ?

ፍሬን። ትንሽ ነድታችሁ፣ ብዙ ፍሬን ሳትይዙ ቁሙና መዳፋችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፣ አትንኩት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ፍሬኑ ተጣብቋል፣ መኪናው ቀኑን ሙሉ እየተጎተተ ነው። የተጣበቀው ከተለቀቀ በኋላ ሸራዎቹንና የፍሬን ዘይቱን አብራችሁ ቀይሩ፣ የግቤን ቁልቁለት ከመውረዳችሁ በፊት።